ጠፍቷል የተባለ ኬብል ለምን ይነዝራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ኬብል ነው። ከቃሊቲ እስከ ገላንና ዱከም፣ አንዳንዴም በሰበታ በኩል ባሉ ፋብሪካዎች የ15 እና የ33 ኪሎቮልት ኬብል እንዘረጋለን፣ እንፈትሻለን፣ ሲበላሽ እንጠግናለን። በዚህ አካባቢ ግንባታ አያልቅም። መጋዘን ይጨመራል፣ ትራንስፎርመር ይቀየራል፣ መንገድ ይቆፈራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ አንድ ኬብል ይጠፋል፤ ጠፍቷል ተብሎም አንድ ሰው እጁን ይሰዳል።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከኤሌክትሪሻኖች፣ ከፋብሪካ የጥገና ልጆች፣ ከግንባታ ፎርማኖችና ከመንደር ሰው የሰማኋቸው ናቸው። ብዙዎቹን እኔም ጀማሪ ሆኜ ጠይቄያቸዋለሁ።

መብራቱ ጠፍቶ፣ ብሬከሩ ወርዶ፣ ኬብሉ እንዴት ይነዝራል?

የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብል እንደ ቤት ሽቦ አይደለም። መሃሉ ላይ መዳብ ወይም አሉሚኒየም አለ። እሱን ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን ያለብሱታል። ከዚያ በላይ ዙሪያውን የሚጠቀልል ስስ የመዳብ ስክሪን አለ፤ ይሄኛው መሬት የተያዘ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። ሁለት ብረት፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር። ካፓሲተር ማለት ይሄው ነው። ካፓሲተር ልሥራ ብሎ የሠራው የለም። ግን ኬብሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ረጅም ካፓሲተር ሆኖ መሬት ውስጥ ተኝቷል።

ካፓሲተር ደግሞ የሰጡትን ይይዛል። ብሬከሩ ሲወርድ ምንጩ ተቆረጠ። ኬብሉ ውስጥ የገባው ቻርጅ ግን መውጫ ካላገኘ እዚያው ይቀራል።

ዕድሜያችሁ ከደረሰ ጀርባው የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን አስታውሱ። ጠጋኙ ሶኬቱን ከነቀለ በኋላ እንኳ ከኋላ ያለችውን የጎማ ኮፍያ ዝም ብሎ በእጁ አይነካትም ነበር። ካቻቢቴውን ከሻሲው ጋር በሽቦ ያገናኝና ከሥሯ ያስገባዋል። ጧ! ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። የኛም ነገር እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የኛ ቴሌቪዥን ሁለት ኪሎሜትር መርዘሙ ነው።

ግን የሚቀረው ስንት ቢሆን ነው? ሰው ይገድላል?

ይገድላል። እስቲ በቁጥር እንየው።

15 ኪሎቮልት ስንል በሁለት ፌዞች (መስመሩ ካሉት ሦስት ሽቦዎች በሁለቱ) መካከል ያለውን ነው። በአንድ ፌዝና በመሬት መካከል ወደ 8,660 ቮልት ይሆናል። ኤሲ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ 12,200 ቮልት ይጠጋል። አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ብሬከር ጅረትን ቆርጦ የሚጥለው ጅረቱ ዜሮን ሲያልፍ ነው። ሎድ በሌለው ኬብል ላይ ደግሞ ጅረቱ ዜሮ በሚሆንባት ቅጽበት ቮልቴጁ ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ታሽጎ የሚቀረው ልክ ሲሞላ ነው።

የተለመደ ወፍራም የ15 ኪሎቮልት ኬብል በኪሎሜትር 0.3 ማይክሮፋራድ (ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛል። ሁለት ኪሎሜትር ከሆነ 0.6። ሲሰላ በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ ወደ 45 ጁል ይመጣል። በ33 ኪሎቮልት ተመሳሳይ ርዝመት ከወሰድን፣ ሽፋኑ ስለሚወፍር ማይክሮፋራዱ ቢያንስም፣ 180 ጁል አካባቢ እንደርሳለን። ሐኪም ምቱ የተዘበራረቀን ልብ ለማስተካከል ደረት ላይ የሚያሳርፈው የዘመኑ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 200 ጁል ነው የሚሰጠው። ያ ለታማሚ ልብ፣ በባለሙያ እጅ፣ በልክ የሚሰጥ ነው። የኛው ጤነኛ ልብ ላይ፣ ሳይታሰብ ነው የሚያርፈው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ይለያል። የቤት መብራት ሰውን "ያዘው" እንላለን፤ ጡንቻው ይጨመደድና መልቀቅ ያቅተዋል። የኬብል ቻርጅ አይዝም። አንዴ ይመታል፣ ያልቃል። የሚመታው ግን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አውጥቶ ነው። መሰላል ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ከምቱ ቢተርፍ እንኳ መውደቁ ሊጎዳው ይችላል።

ትንሽ ብንጠብቅ በራሱ አይወጣም? ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ደቂቃ የለውም።

ይሄ ስህተት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ያለው የፓወር ፋክተር ካፓሲተር ላይ "ከጠፋ በኋላ ይህን ያህል ደቂቃ ጠብቁ" የሚል ተለጥፏል። እዚያ ላይ ትክክል ነው። ካፓሲተሩ ውስጥ ቻርጁን ቀስ እያለ የሚያስወጣ ሬዚስተር ተገጥሞለታል። በዓለም አቀፉ ስታንዳርድ መሠረት ዝቅተኛ ቮልቴጁ በ3 ደቂቃ፣ ከፍተኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 75 ቮልት መውረድ አለበት። ለካፓሲተርም ቢሆን ከጥበቃው በኋላ አገናኝቶ ማጥፋትና መሬት ማስያዝ ግድ ነው።

ኬብል ላይ ግን ሬዚስተር የገጠመ የለም። መውጫው በሽፋኑ ውስጥ የምትንጠባጠበው ብቻ ናት። ሽፋኑ ጥሩ ከሆነ ቻርጁ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ዓርብ ማታ የጠፋ ኬብል ሰኞ ጠዋት ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ያረጀ ኬብል ነው ወይስ አዲስ የሚያሰጋው?

ሰው ሁልጊዜ "ያረጀ" ይላል። በዚህ ጉዳይ ግን አዲሱ ይብሳል። ሽፋኑ ንጹህና ጠንካራ ስለሆነ ምንም አያፈስም። የያዘውን ይዞ ይቀመጣል። ያረጀውና እርጥበት የገባበት ቶሎ ያፈስሳል፤ እሱ ደግሞ የራሱ ሌላ አመል አለው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በቴስተር አይቼዋለሁ፤ ምንም አላሳየም። አይበቃም?

አይበቃም። እባካችሁ ይሄን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ፤ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር የሚያሳስተው ይሄ ነው።

የከፍተኛ ቮልቴጅ ቴስተሮች አብዛኞቹ የሚያዩት ኤሲን ነው። ቮልቴጁ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ ይሰማቸዋል። ኬብል ውስጥ የቀረው ቻርጅ ግን አይመላለስም፤ ቆሟል። ዲሲ ነው። ቴስተሩ ጸጥ ይላል፣ ኬብሉ 12 ሺህ ቮልት ላይ ተቀምጧል። ቴስተሩ አልዋሸም። ያልጠየቅነውን አልመለሰም፣ በቃ።

አርኤምዩ (የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ያሉበት የብረት ሳጥን) ላይ ያሉት ሦስቱ ትንንሽ መብራቶችም እንደዚያው ናቸው። ጠፍተዋል ማለት ኤሲ የለም ማለት ነው። ከውጭ የምናስጠጋው ቴስተር ደግሞ በስክሪን የተጠቀለለ ኬብል ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ በርቶ እንኳ ዝም ይላል። መልቲሜትር ለዚህ ቮልቴጅ አልተሠራም። እጃችሁ ላይ ይፈነዳል።

ታዲያ ቴስተር አያስፈልግም ማለቴ ነው? በፍጹም። መስመሩ ከምንጩ መቆረጡን የሚነግረን እሱ ነው። በፊትም በኋላም በሚታወቅ ምንጭ ላይ ሞክሩት፤ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ግን ቴስተሩ ዝም ካለ በኋላ የሚቀጥለው ነገር ኧርዝ፣ ማለትም መሬት ማስያዝ ነው። እጅ ገና ተራው አልደረሰም።

ሜገር ካደረግን (የኬብሉን ሽፋን በዲሲ ቮልቴጅ ከፈተሽን) በኋላ ማሽኑ ራሱ ቻርጁን ያወጣዋል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ከቃሊቲ ወደ ገላን ስትወጡ ያለ አንድ የቆየ ፋብሪካ ነው። ኬብሉ የድሮ ነው፣ በዘይት የተነከረ ወረቀት የተጠቀለለበት፣ ከአንድ ኪሎሜትር ይበልጣል። በ5 ሺህ ቮልት ለ10 ደቂቃ ሜገር አደረግን። ስንጨርስ ማሽኑ ቻርጁን ማውጣት ጀመረ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ አለ። ሽቦዎቹን ነቅለን፣ ማሽኑን ጠቅልለን ሻይ ልንጠጣ ሄድን። ስንመለስ ረዳታችን ቀድሞ ትንሿ መሰላል ላይ ወጥቷል። ላጓን (የኬብሉን ጫፍ ማሰሪያ ብረት) ሊያጠብቅ ብሎ በባዶ እጁ ያዛት። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ልጁን ያየሁት መሬት ላይ ነው። ቀኝ እጁ ተሰብሮ ነበር። ምቱ ራሱ ትልቅ አልነበረም፤ የሰበረው መውደቁ ነው። እሱን ያን ቀን ያሰማራሁት እኔ ነኝ፤ ኧርዙ ሳይታሰር ሻይ ልጠጣ የሄድኩትም እኔ ነኝ።

ምን ሆኖ ነው? እንስራ አስቡ። ውሃ ሲቀመጥበት የኖረ እንስራ ውሃውን ደፍታችሁ ላዩን በጨርቅ ብትጠርጉት ይደርቃል። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት እንደገና አልቦታል። ሸክላው ውስጥ የገባው ውሃ ነው ቀስ እያለ የሚወጣው። የኬብል ሽፋንም ቮልቴጅ ላይ ሲቆይ ቻርጅ ወደ ውስጡ ይሰርጋል። በአጭሩ አገናኝታችሁ ስታወጡት የሚወጣው የላይ የላዩ ነው። ኧርዙን ስታነሱት ከሽፋኑ ውስጥ የሰረገው ይመለሳል፣ ቮልቴጁም እንደገና ይነሳል። በወረቀት ኬብልና እርጥበት በገባበት ላይ ይሄ ይብሳል። ቅድም "የራሱ አመል አለው" ያልኩት ይሄን ነው።

ስለዚህ በዲሲ ከተፈተሸ በኋላ ኬብሉ ቢያንስ የፍተሻውን ጊዜ አራት እጥፍ መሬት ተይዞ ይቆይ። 10 ደቂቃ ከፈተሻችሁ 40 ደቂቃ። እኛ አሁን ፌዞቹን ከስክሪኑ ጋር አስረን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አናነሳውም። ሻይ የሚጠጣውም ኧርዙ ከታሰረ በኋላ ነው።

ኧርዝ የሚደረገው በምን ቅደም ተከተል ነው?

መጀመሪያ መስመሩን በሚመጣበት በኩል ሁሉ ቁረጡ። መልሶ እንዳይነሳ ቆልፉ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ፣ "ሰው እየሠራ ነው" የሚለውን ስቀሉ። ከዚያ ፈትሹ። ከዚያ ኧርዝ።

አርኤምዩ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ኧርዝ ስዊቹ ለዚሁ ነው የተሠራው። በሩን ዘግታችሁ ታገናኙታላችሁ። የኬብሉ ጫፍ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን ተንቀሳቃሽ ኧርዝ ያስፈልጋል። የሽቦው አንዱ ጫፍ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ይታሰር፤ ከኧርዝ ባሩ ጋር፣ ቀለምና ዝገት በሌለበት ብረት ላይ። ከዚያ ሌላኛው ጫፍ በረጅሙ ኢንሱሌትድ ዘንግ ወደ ፌዙ ይሂድ። ከተገለበጠ፣ ፌዙን ያገናኘው ሰው በእጁ የያዘው ሽቦ ሙሉ ቮልቴጅ ተሸክሟል ማለት ነው። ሲነሳ ደግሞ በተቃራኒው፤ ፌዙ ቀድሞ ይለቅ፣ መሬቱ በመጨረሻ።

ሦስቱም ፌዞች ይያዙ። አንዱን በዘንጉ ነክታችሁ "ጧ" ካላለች ሌሎቹም ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። ብሬከሩ ሲወርድ እያንዳንዱ ፌዝ በየራሱ ቅጽበት ነው የሚቆረጠው፤ አንዱ ላይ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ላይ ኔጌቲቭ ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ንክኪ ላይ ብልጭታ ሊኖር ይችላል። ፊታችሁን ወደ ጎን አድርጉ፣ የፊት መከላከያ ልበሱ። ሬዚስተር ያለው ማውጫ ዘንግ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ፤ ቻርጁን ሳይንበለበል ያወጣዋል። ከዚያ በወፍራሙ እሰሩ።

ኬብሉ ከትራንስፎርመር ጋር እንደተያያዘ ከጠፋስ?

ይሻላል። ቻርጁ በትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ በኩል ቶሎ መውጫ ያገኛል። በብዛት የሚያስፈራን በሁለቱም ጫፍ የተነቀለ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ኬብል ነው። ግን "ተያይዟል" የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። መሃል ላይ የተቃጠለ ፊዩዝ ካለ ያ ፌዝ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ኧርዙ ለማንኛውም አይቀርም።

ቻርጁ ከወጣ በኋላ ለምን ኧርዙን እንተወዋለን? ሥራ ያስቸግራል።

ስለ ጄነሬተር ነው። በዚህ አካባቢ ጄነሬተር የሌለው ጊቢ ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋ አንዱ ጎረቤት ማዞሪያውን በትክክል ሳያዞር ያስነሳል። 380 ቮልቱ ወደ ትራንስፎርመሩ ተመልሶ ይገባል። ትራንስፎርመር ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም፤ ከታች የሰጡትን ወደ ላይ 15 ሺህ አድርጎ ይልከዋል። እናንተ ማከፋፈያ ጣቢያው አጥፍቶላችኋል፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ነው፤ መብራቱ ግን በጓሮ በር ገባ።

ሌላው ኢንዳክሽን ነው። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን የተኛ የበራ ኬብል ካለ የጠፋውም ላይ ቮልቴጅ ያነሳል። ኧርዙ ታስሮ ከቆየ ለነዚህ ሁሉ መልስ ይሆናል። ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ተቸገሩ።

በአየር ላይ ያለው መስመርስ? የባቡሩስ?

የአየር መስመር በኪሎሜትር የሚይዘው ቻርጅ ከኬብል በግምት 30 ጊዜ ያንሳል። ግን መጨረሻው ላይ ወደ መሬት የሚገባ ኬብል ካለው ሒሳቡ የኬብሉ ነው። ከሰበታ ተነስቶ በእንዶዴ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ሽቦ 25 ኪሎቮልት ነው፤ ባቡር አላለፈም ብሎ የጠፋ የሚመስለው አለ። ከሥሩ ረጅም ብረት አቁማችሁ አትሂዱ።

ስንቆፍር ኬብል አገኘን። "የሞተ ነው፣ ቁረጡት" ተባልን።

ማን አለ? ይሄ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን። መንገድ ሲሰፋና መስመር ወደ መሬት ሲገባ የቀድሞው ኬብል እዚያው ይቀራል። አዲሱ ከጎኑ ይተኛል። ሁለቱም ጥቁር ወይም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም ጭቃ ለብሰዋል። ከላይ ሆኖ አይቶ የሚለይ ሰው የለም።

እኛ ኬብል ከመቁረጣችን በፊት ሲግናል ልከን እንለየዋለን። ከዚያም የኬብል መብሻ መሣሪያ አስረንበት፣ ራቅ ብለን ቆመን እንወጋዋለን። ብረቱ ስክሪኑንና ፌዞቹን ያገናኛል። በርቶም ከሆነ፣ ቻርጅ ይዞም ከሆነ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይለይለታል፤ ሰው አጠገቡ የለም። በስካቫተር ጥርስ ወይም በመጋዝ መሞከር ግን በሰው መሞከር ነው።

ኬብል ካገኛችሁ ቁፋሮውን አቁሙ፣ ከጉድጓዱ ውጡ፣ በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ።

ለወላጆችም አንድ ነገር። መዳብ ውድ ነው፤ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ልጆች ያውቃሉ። ግንባታ ቦታ ላይ ጫፉ የወጣ ኬብል ወይም ተፈትሾ ጫፉ ያልተዘጋ ድራም (የኬብል መጠቅለያ) ካለ ልጆቹን አርቁ። ድራም ላይ ያለ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ኬብል እንኳ ከተፈተሸ በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ጥበቃውም ይሄን ይወቅ።

ጎማ ጓንትና ጫማ አድርጌያለሁ። አሁንስ?

የተፈተሸ፣ ያልተቀደደ፣ ለዚያ ቮልቴጅ የተሠራ ከሆነ ይረዳል። በኧርዝ ምትክ ግን አይቆምም። ከሱቅ የተገዛው የጽዳት ጓንት ደግሞ ምንም ነው።

ሰው ከተመታ ምን እናድርግ?

ሮጣችሁ አትያዙት። የቀረ ቻርጅ ብቻ ከሆነ አንዴ መትቶ ጨርሷል፤ ግን ያ ብቻ መሆኑን በምን አወቃችሁ? መስመሩ በርቶ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ፌዞችም ገና አልወጡም። መጀመሪያ ይቆረጥ፣ በዘንጉ መሬት ይያዝ፣ ከዚያ ሰውየው።

ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ። መሃል ደረት ላይ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አንዱ እየጫነ ሌላው 907 ወይም 939 ይደውል። ከከተማ ውጭ አምቡላንስ ሊዘገይ ስለሚችል መኪና አስነሱ፣ ደረት መጫኑ ግን አይቋረጥ።

ተነስቶ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ካለም ሐኪም ቤት ይሂድ። የልብ ምቱ በማሽን ይታይ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ከላይ ትንሽ ነጥብ ትቶ ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፣ ልብንም ቆይቶ ሊያውክ ይችላል። የኛ ልጅም "እጄ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው" እያለ ነው የወሰድነው።

የኧርዝ ዘንግ ውድ ነው። ራሳችን ብንሠራስ?

አትሥሩ። ዘንጉ ለዚያ ቮልቴጅ ተፈትኖ የወጣ መሆን አለበት። ሽቦውና መቆንጠጫው ደግሞ መስመሩ በስህተት ቢነሳ የሚመጣውን ጅረት፣ ብሬከሩ እስኪወርድ ድረስ ሳይቀልጡ መቻል አለባቸው። ቀጭን የቤት ሽቦ እንደ ፊዩዝ ይበናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጊቢ ውስጥ "ኧርዛችን ይሄ ነው" ብለው አሳዩኝ። የመወልወያ እንጨት ጫፍ ላይ የባትሪ መቆንጠጫ በሽቦ ታስሯል። ትራንስፎርመር ክፍሉ በር ላይ ተደግፎ ነው የሚያድረው። አንስቼ ስይዘው እንጨቱ በዝናብ ርሶ ነበር።